የመፈክሩ ጫፍ

አባቴ ስሜን የረሳው የእግዚአብሔርን ስም ሳይረሳ ነው። ይህን ስል የሚቀየመኝ ካለ ይቀየም። ስሜን መርሳቱ የሚያመው እኔን ብቻ ነው። ያን ሌላውን ስም አለመርሳቱ ግን በዚያ ዘመን ሁለታችንንም ሊያስበላን ይችል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው፤ ከጓሯችን ሲቆሙ አባያ ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። አባቴ ዕድሜ ልኩን ወንጌላዊ ነበር። ከጨንቻ ደጋ እስከ ላንቴ ቆላ በእግሩ ያልረገጠው መንደር የለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ በቤቱ የቀረነው እሱና እኔ ነን። እኔ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምር ነበር። እጇ ለፊደል ይመቻል ተባለና የቀበሌያችን መፈክር ሁሉ በእኔ ላይ ተጣለ። እምቢ አይባል ነገር! የወንጌላዊ ልጅ ሆኜ "ይውደም" እና "ያቸንፋል" ስጽፍ እውል ጀመር።

አባቴ ያገለገለበት ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ከርሞ የቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆነ። ከመድረኩ በላይ አባቴ በወጣትነቱ በገዛ እጁ፣ በቀይ ቀለም የጻፈው ጥቅስ ነበረበት። ኖራ ለቀለቁበት። ኖራ ቀቢዎቹ ችኩል ነበሩ መሰለኝ፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ፊደሎቹ ከሥር ብቅ ይላሉ። በስብሰባ ላይ ዓይኔ ወደዚያ እንዳይሄድ እጠነቀቅ ነበር።

አባቴ መርሳት የጀመረው መነጽሩን ነው። ፈልጌ ፈልጌ ቆጮው ከተጠቀለለበት ኮባ ውስጥ አገኘሁት፤ ሳቅን። ከዚያ የሰው ስም ጠፋበት፣ ከዚያ መንገድ ጠፋበት፣ ከዚያ እኔ ጠፋሁበት። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ምላሱን አይቶ፣ ደረቱን አዳምጦ፣ "እርጅና ነው እህቴ፤ ለእርጅና መርፌ የለንም" ብሎ ሸኘን። ያኔ "ጃጀ" ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም አልነበረውም። ዛሬ የመርሳት በሽታ ይሉታል። እንዲህ ያሉ ሰዎችን በሥዕልና በቀለም የሚረዳ ሙያ እንዳለም እሰማለሁ። እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሰፈራችንን አረጋውያን ብሩሽ እያስያዝኩ አብሬያቸው ተቀምጬ ውያለሁ። ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ "ፍርሃት" እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። እውነቴን ነው።

ስብሰባ መቅረት በማይቻልበት ዘመን አባቴን ለማን ትቼው ልሂድ? ብቻውን ከተውኩት በሩን ከፍቶ ይወጣል። አንድ ቀን ወደ አባያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ደረስኩበት፤ "የሚጠመቁ ሰዎች ታች እየጠበቁኝ ነው" አለኝ። አዞ ፀሐይ በሚሞቅበት ዳርቻ! ከዚያ ወዲህ ወደ ስብሰባው ይዤው እሄድ ጀመር። እሱ ደግሞ ደስታው ልክ የለውም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የምወስደው ይመስለዋላ። ኮቱን ይለብሳል፣ ጫማውን አስወልውሎ ያደርጋል፣ ከፊት ካልተቀመጥኩ ይላል።

አንድ እሑድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግራ እጁን ጨብጦ አነሣና "ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ "ይውደም!" አለ። ሕዝቡ ዝም ሲል አባቴ በዚያ ደጋ ቆላ በሚሰማው የስብከት ድምፁ "አሜን!" አለ።

ኮቱን ጎተትኩት። "ፊውዳሊዝም ይውደም!" "ይውደም!" "አሜን!" ከኋላችን አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ ሳቁን ዋጠና ሳል አደረገው። ሊቀመንበሩ ወደ እኛ ዞሮ ቆየ። ከዚያ "ሽማግሌው እንኳ ተስማምተዋል!" ብሎ ሳቀ፤ ሕዝቡም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ጥርሴ ብቻ ነው የሳቀው። ስንወጣ ግን በሩ ላይ ጠብቆ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"አፋቸውን ያዥልኝ። ዛሬ እኔ ስቄ አልፌያለሁ። ነገ የማይስቅ ካድሬ ይመጣል።"

ይህ ሊቀመንበር ፊደል የቆጠረው ከአባቴ ዘንድ ነው፤ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ አባቴ ለሠራተኛ ልጆች በሚያስተምረው የማታ ትምህርት። ስለዚህ ሊያስፈራራኝ ይሁን ሊያተርፈኝ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከአባቴ ጋር ያገለግሉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በጓሯቸው መዝሙር ሲያንጎራጉሩ ተሰምተው ተወስደዋል። ቤተሰባቸው ስንቅ ሲያመላልስ ሰነበተና አንድ ጠዋት "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ" ተባለ። ሰውየው በሕይወት የሉም ማለት ነው። እኒያ ሽማግሌ የሚዘምሩትን የሚያውቁ፣ ቢመክሯቸው የሚሰሙ ሰው ነበሩ። የእኔስ አባት? ቢይዙት የት እንዳለ አያውቅም፣ ቢጠይቁት ምን እንደተጠየቀ አያውቅም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሞ "ምዕመናኑ የት ሄዱ?" ሲል እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ።

እሺ፣ የሰውን አፍ እንዴት ይይዙታል? ተቆጣሁት፤ አለቀሰ። ለመንኩት፤ እሺ ብሎኝ ወዲያው መዝሙሩን ቀጠለ። "አባባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል እኮ፣ አታስታውስም?" አልኩት። እንደዚያ ቀን መጥፎ ቀን አላየሁም። መዘጋቱን ገና ያን ሰዓት የሰማ ያህል ደነገጠ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ደግሞ ረሳውና ድንጋጤው ብቻ ቀረበት። ምን እንዳስደነገጠው ሳያውቅ እስኪመሽ ድረስ ሲደነግጥ ዋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ "ታስታውሳለህ?" የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ብሩሹ የመጣው ሳይታሰብ ነው። ከሰዓት በኋላ አቡጄዲ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ፊደል እየሞላሁ ነበር፤ እሱ "ሰዓቱ ደርሷል፣ ሰዓቱ ደርሷል" እያለ ቤቱን ይዞረዋል። የቀለሙን ቆርቆሮ ላነሣ ስል "እስቲ ይህን ያዝልኝ" ብዬ ብሩሹን ሰጠሁት። ያዘ። አየው። ተቀመጠና ነክሮ፣ እኔ በእርሳስ ካሰመርኩት ፊደል ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳያወጣ ይሞላ ጀመር። ቤቱ ጸጥ አለ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ አረፈ። ማልቀስ አማረኝ ግን ጸጥታውን እንዳላበላሽበት ፈርቼ ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ ሥራችን መልክ ያዘ። እኔ ፊደሉን በእርሳስ አሰምራለሁ። ከቀኙ ተቀምጬ፣ ጨርቁ እንዳይጨማደድ ጫፉን በመዳፌ እጫናለሁ። እሱ ይሞላል። "ይህ ምንድን ነው?" አይባልም፤ "ተሳሳትክ" አይባልም። የምጠይቀው "ምን እንስጠው?" ብቻ ነው። የቀለሞቹ ስም ጠፍቶበት ስለነበር በራሱ መንገድ ይጠራቸዋል። ቀዩን "አባያ" ይለዋል፤ የአባያ ውኃ ቀላ ያለ ነውና አልተሳሳተም። ሰማያዊው "ጫሞ" ነው። አረንጓዴው "ሙዝ" ነው። አንድ አመል ነበረው፤ እርጥቡን ቀለም በጣቱ ካልነካሁ ይላል። ያኔ አንጓውን ቀስ ብዬ እይዝና "አልደረቀም አባባ፣ ተወው፤ እስኪደርቅ አትንካው" እለዋለሁ። ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ።

እኔን "እህቴ" ነበር የሚለኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጣሁ አጋዥ እመስለዋለሁ።

"እህቴ፣ የማን ልጅ ነሽ?"

"የወንጌላዊው።"

"አዬ፣ ደግ ሰው ነው ይባላል" ይላል፤ ይነክራል፣ ይሞላል።

መፈክሮቹ እስኪደርቁ አጥር ላይ ስለምናሰጣቸው ሰፈሩ ሁሉ ጉዳያችንን ያውቃል። አጥር ለአጥር የምንጎራበታት ቦርዴ ጠማቂ ነበረች፤ ከሰሜን ደጋ አገር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት። እሷ በማርያም ትምላለች፣ እኔ መማል አይፈቀድልኝም፤ በዚህ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። አንድ ቀን አባቴን ብሩሽ ይዞ ስታየው "በስማም! ሽማግሌውን ካድሬ አደረግሽው?" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ልጄ፣ ለዚህ ሥራው አንደኛ ነው። ብቻ ግድግዳም ጆሮ አለው፤ ሲዘምር መስኮቱን ዝጊ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሰው ወደ ቤታችን ሲመጣ ካየች አጥሩን በእንጨት ትመታልኝ ነበር።

ለስብሰባም መላ አገኘሁ፤ የላንቴ ሙዝ። መፈክር ሊባል ሲል ልጬ አጎርሰዋለሁ። አፉ ሙሉ ሰው አሜን አይልም። ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ ይሳቅ!

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የአብዮት በዓል መጣ። የመፈክሩ ብዛት! እጄ እስኪዝል አሰመርኩ። የመጨረሻው ቁራጭ አቡጄዲ ከሚጻፍበት ረዝሞ ተረፈ። "አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት" ብዬ አሰመርኩበትና በስተመጨረሻው ሰፊ ባዶ ቀረ። ስጨርስ አጥፌ እሰፋዋለሁ ብዬ፣ አባቴ እየሞላ ሳለ፣ አጥሩ ላይ የደረቁትን ልሰበስብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ አብዮት ጠባቂዎች ቤት ገብተው ሁሉንም እየጠቀለሉ ነው። "ያኛው አልደረቀም!" አልኳቸው። "በመንገድ ይደርቃል" ብለው ተሸክመው ወጡ። አባቴ ብሩሹን ይዞ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ያን ቀን ያየሁት እርካታ ከሕመሙ ወዲህ አይቼው የማላውቀው ነበር። ደስ አለኝ። ብቻውን መፈክር ጨረሰ ብዬ!

በማግሥቱ አዳራሹ ጢም ብሏል። ከአውራጃ የመጣ ባለሥልጣን መድረኩ ላይ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ተቀምጧል፤ ከጀርባው ያ አቡጄዲ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሯል። አባቴን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሙዜን አዘጋጅቼ፣ ቀና አልኩ። "አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት"። ከዚያ ትንሽ ባዶ። ከዚያ በዚያው ቀይ፣ በዚያው ስፋት፣ "አሜን"።

የማየው እውነት መሆኑን ለማወቅ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። አለ። የ"ን" እግሯ ወደ ግራ ተቆልምማ፣ አባቴ እንደሚጽፋት ሆና ቁጭ ብላለች። ከበላይዋ ደግሞ ከኖራው ሥር የሚታየው አሮጌ ጥቅስ አለ፤ ያው እጅ፣ ያው ን። አባቴ የጸሎት መጨረሻ ላይ ሲደርስ፣ ማዕድ ሲባርክ፣ ስብከት ሲዘጋ፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድን ነገር በአሜን ሳይዘጋ ቀርቶ አያውቅም። መስመሩ አለቀ፤ ዘጋው። ይኸው ነው።

ዙሪያዬን አየሁ። የተማረው አንብቦ አቀረቀረ። ፊደል የማያውቀው ያነበበውን ሰው ፊት አይቶ አቀረቀረ። አየሁ ያለ "ለምን አልተናገርክም?" ይባላል፤ የተናገረም "አንተ ብቻ እንዴት አየህ?" ይባላል። ስለዚህ ማንም አላየም።

ሊቀመንበሩ መፈክር ሊያስብል ተነሣ፣ ወደ ጨርቁ ዞረ፣ እጁን ጨበጠ። "አብዮታዊት እናት አገር ወይም..." አለና ጡጫው አየር ላይ ቀረ። የአንገቱ ደም ሥር ሲዘል አየሁ። "ሞት!" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ። "ሞት!" አለ ሕዝቡ። እኔ ሙሉ ሙዙን አባቴ አፍ ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አጥሩን መታችልኝ። ሊቀመንበሩ ነው፤ ብቻውን፣ ያን ጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ። ጠባቂ ሳያስከትል መምጣቱ ይበልጥ አስፈራኝ። በሩን ዘጋና ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"ፊደልሽን አውቀዋለሁ። ይህ ያንቺ አይደለም።" ጣቱን "ን" ላይ አሳረፈ። "እጄን ይዘው ይህችን ን ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ እኔም እንዲህ ነው የምጽፋት።"

"ጓድ፣ አባቴ እኮ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አይችልም! እኔ ነኝ የማለብሰው።"

"ስሚኝ።" ተቀመጠ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ የመጣው ሊያስፈራ ነው ብዬ ሳስብ እሱ ራሱ ፈርቷል። "የአውራጃው ጓድ ዞሮ አላየም። ሕዝቡ ግን አይቷል። አንዱ ነገ ቢተነፍስ በመጀመሪያ የምያዘው እኔ ነኝ። ከመያዜ በፊት አንድ ሰው ይዤ መቅረብ አለብኝ። አንቺን ባቀርብ 'ማን መደባት?' ይሉኛል፤ የመደብኩሽ እኔ። እሳቸው ከሆኑ ግን..." አባቴን አላየውም፤ አባቴ በመስኮቱ ወደ አባያ እያየ ነው። "እሳቸው ከሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው በተንኮል ሰርጎ ገብቶ ነው እላለሁ።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆኑማ ማንም አልጻፈውም። ጨርቁን አቃጥለን ዝም ነው። ዝም አይነቅዝም። እንግዲህ ይጻፉና ልይ።"

አዲስ ቁራጭ አቡጄዲ ይዞ መጥቶ ኖሯል። ዘረጋው። ብሩሹን ከቆርቆሮው አንሥቶ ለአባቴ ሰጠው። ያን ብሩሽ እንዲይዝልኝ፣ እንዳይረሳብኝ ስንቴ ለምኛለሁ! ያን ቀን ግን "ጌታ ሆይ፣ ይህንንም አስረሳው፤ ምንም አታስቀርበት" ብዬ ጸለይኩ። ከዚያ የከፋ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

አባቴ ነጩን ጨርቅ አየ። ብሩሹን አየ። ነክሮ እንኳ አልሞከረም። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ባዶ ጨርቅ ላይ ራሱ ጀምሮ አንዲት ፊደል እንደማይጽፍ አውቃለሁ፤ መስመር ካላየ እጁ አይነሣም።

ሊቀመንበሩ ግን ሞኝ አልነበረም። "አንቺ አስምረሽ እሳቸው እንደሚሞሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንደምታሠሪያቸው አሠሪያቸው። ያንኑ መፈክር።"

እርሳሱን ያዝኩ። ምን እንደሚሆን ልቅም አድርጌ አውቃለሁ። እኔ አሰምራለሁ፣ እሱ ይሞላል፣ መጨረሻው ላይ ይደርሳል፣ ይዘጋዋል። የሚያስፈልገው የሦስት ፊደል ቦታ ብቻ ነው። ቦታ ካገኘ አለቀለት።

መፈክር የሚጽፍ ሰው በሁለቱም ጫፍ እኩል ባዶ ይተዋል፤ የሥራው ሕግ ነው። እኔ ያን ቀን "አ"ን ጋን አሳከልኳት። የ"ብ"ን እግሮች ከፈትኳቸው። ፊደል ከፊደል አራራቅሁ፣ ቃል ከቃል አራራቅሁ፣ ዓይኔ ግን ጫፉ ላይ ነው፤ ቀድሞ ቢያልቅ ወዮልኝ።

"ምነው ሰፋ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ከሩቅ ይነበብ ትሉኝ የለ?"

የ"ሞት" መጨረሻ "ት" ከጨርቁ ጠርዝ ጋር ገጠመች። ከእሷ ወዲያ ጨርቅ የለም። እንደ ልማዳችን ከቀኙ ተቀመጥኩና ፊደሏን ሳልሸፍን ጠርዙን በጣቶቼ ጫፍ ተጫንኩ።

"ምን እንስጠው፣ አባባ?"

"አባያ" አለ።

መሙላት ጀመረ። በዝግታ፣ ሳይጨነቅ፣ ጠብታ ሳያወጣ። እኔ የቀሩትን ፊደሎች እቆጥራለሁ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ከብሩሹ ጫፍ አልነቀለም። በመሃል በሩ ተንኳኳ፤ መልስ ሳይሰጣት ጎረቤቴ በጣሳ ቦርዴ ይዛ ገባች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በበዓል ቀን ደርቀው ሊውሉ? ማርያምን አይሆንም!"

ተቀበላት። አልጠጣም። አባቴ "ሞ"ን ጨረሰ። "ት"ን ጨረሰ። ብሩሹን አነሣ።

ቦታ ፈለገ። ዓይኑ ወደ ቀኝ ሄደና ጠርዙ ላይ ቆመ። የጠርዙን ጥግ በጣቱ ገልብጦ ከሥሩ አየ። ጠረጴዛውን አየ። ቤቱ የጠፋበት ሰው ፊት ነበረው፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። በአፉ ሊለው ነው ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ አለ። አባቴ ግን አፉን አልከፈተም። ብሩሹን እንደገና ነከረ፣ የቆርቆሮውን ከንፈር አስነክቶ ትርፉን አራገፈ፣ ከዚያ ከ"ት" ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ አሳረፈው። ከ"ት" ቀጥሎ ያለው የእኔ እጅ ነው።

ቀለሙ ቀዘቀዘኝ። "አ"። እጄን ብነጥቀው ይጮኻል፤ ብተወው ይታያል። አልተነቃነቅሁም። ጎረቤቴ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ምላሷ ግን አልተያዘም።

"ኧረ ይጠጡት እንጂ ጓድ! ጣሳ ይዞ መቅረት ጠማቂን መናቅ ነው፤ እስከ ሥሩ!" አለችና ጣሳውን ከሥሩ ወደ አፉ ገፋችው።

ሊቀመንበሩ ጠጣ። ጣሳው ፊቱን ሸፈነው። "ሜ"። ቆየ። አንድ ጣሳ ቦርዴ ያን ያህል አያቆይም። "ን"፣ እግሯን ወደ ግራ ቆልመም አድርጎ። አባቴ ብሩሹን አስቀመጠና ትናንት ያየሁት እርካታ ፊቱ ላይ መጣ። እጄን ስቤ ነጠላዬ ሥር ከተትኩት።

ጣሳው ወረደ። ሊቀመንበሩ አፉን ጠረገ፣ ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበ። "ወይም ሞት" ይላል፤ ከዚያ ጠርዝ ነው።

"እሳቸው አይደሉም" አለ።

እኔን አላየኝም፣ እሷንም አላያትም። ሁለቱንም ጨርቅ ጠቅልሎ ጓሮ ወሰደና ላምባ አርከፍክፎ ራሱ አቃጠላቸው። አመዱን በጫማው እስኪበትነው ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ሲሄድ በሩ ላይ ተመለሰና "ደህና ይዋሉ፣ መምህር" አለው አባቴን።

"ተባረክ" አለ አባቴ። "የማን ልጅ ነህ?"

ሳይመልስለት ወጣ። አይቶ ይሁን ሳያይ እስከ ዛሬ አላውቅም። በኋላም አልጠየቅሁት፤ እንደዚያ ያለ ነገር አይጠየቅም።

እሱ ከሄደ በኋላ እጄን ከነጠላው አወጣሁ። "ን" ነጠላው ላይ ተለቅልቃለች፤ "አ" እና "ሜ" ግን ቁልጭ ብለው አሉ። "ምን ታያለሽ? እጠቢው እንጂ! ተመልሶ ቢመጣስ?" አለች ጎረቤቴ፤ የላምባውን ጠርሙስና ጨርቅ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ጨርቁን ነከርኩ።

አባቴ ወንበሩን ስቦ ተጠጋኝ። አንጓዬን ቀስ ብሎ ያዘኝ፣ እኔ እሱን እንደምይዘው።

"አልደረቀም ልጄ" አለኝ። "ተይው፤ እስኪደርቅ አትንኪው።"

ከውጭ፣ በመንገዱ ላይ፣ የአብዮት ጠባቂዎቹ ሳቅና የጫማቸው ኮቴ እየቀረበ ይሰማል። አንጓዬን ከእጁ አስለቀቅሁ። እያየኝ አጠብኩት።